ኩታበር በቁጥር ስንት ናት?

ወደ ቁም ነገሩ ከመግባቴ በፊት ባለፈው ሴሚስተር የደረሰብኝን ላጫውታችሁ። ለእረፍት ኩታበር ቤተሰብ ዘንድ ሄጄ ሳለ አያቴ ስለ ድሮው ገበያ የነገሩኝን ቃለ መጠይቅ በእጄ ጽፌ እዚያው አንድ ኮምፒውተር ቤት አስተየብኩት። በፍላሽ ይዤ ደሴ ገባሁና ስከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። ገጹ በሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና የዶላር ምልክት ተዘባርቆበታል። ጓደኛዬ አየት አደረገና «አያትህ በየትኛው ቋንቋ ነው ያወሩህ?» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ የማስረከቢያው ቀን በማግስቱ ነበርና።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው ነገር ለምን ይሆናል? ይህን ለማወቅ ስጠይቅና ሳነብ ያገኘሁት ታሪክ ከአንድ ፍላሽ በጣም የሰፋ ሆኖ ስላገኘሁት ላካፍላችሁ ወደድኩ።

እንደሚታወቀው ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። መጀመሪያ የወጣው አስኪ የሚባለው ሥርዓት 128 ቦታ ብቻ ነበረው፤ በኋላም ወደ 256 አደገ። ለእንግሊዝኛ ይህ ተርፎ ይፈሳል። የእኛ ፊደል ግን ከነዲቃሎቹ፣ ከነቁጥሮቹና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ያልፋል። ታዲያ የት ይግባ?

ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ እንደ አሜሪካው ነዋሪ ፍሥሐ አጥላው ያሉ ባለሙያዎች መላ ዘየዱ። የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች በእንግሊዝኛው ፊደል ቁጥር ላይ የእኛን ፊደል ቅርጽ ለጠፉበት። ለዚያ ዘመን ትልቅ ብልሃት ነበር፤ ጋዜጣና መጽሐፍ የታተመው በዚሁ ነው። ችግሩ ሁሉም በየራሱ መንገድ መለጠፉ ነው። በአንድ ከተማ ያሉ ቀበሌዎች ሳይነጋገሩ የቤት ቁጥር ቢያወጡ ምን ይፈጠራል? ፖስተኛው ደብዳቤውን ይዞ ሌላ ሰው ቤት ይገባል። የእኔም ቃለ መጠይቅ የገባው ሌላ ሰው ቤት ነው።

ኢንተርኔት ሲመጣ ይህ ችግር ባሰ። አገራችን ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ግን ከዚያ ቀደም ብለው በኮምፒውተር ይጻጻፉ ነበር። ፊደሉ ስላልነበራቸው አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ይኼንንም ሥርዓት ለማስያዝ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለ አጻጻፍ አዘጋጁ። ስሙ ሴራ ይሁን እንጂ ተንኮል የለበትም! ለምሳሌ ትንሹን የእንግሊዝኛ «ቲ» ለ«ተ»፣ ትልቁን ደግሞ ለ«ጠ» መድቦ ሰውም ማሽንም እንዲግባቡበት ያደረገ ነው። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ የተለማመደው ማኅበረሰቡ ነው፤ ማሽኑ ገና ለእኛ አልተመቻቸም።

ማሽኑ የተመቻቸው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ነው። በዓለም ላይ ላሉ ፊደላት ሁሉ አንድ ወጥ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ በ3ኛ እትሙ የግዕዝን ፊደል አስገባ። «ሀ» 4608 ቁጥርን ያዘ። ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጠውና «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624 እያለ ቀጠለ። በዚህ ስሌት ኩታበር ማለት 4777፣ 4723፣ 4704፣ 4653 ነው። ይህ ቁጥር ደሴም ሆነ ዋሽንግተን፣ ኮምፒውተር ላይም ሆነ ስልክ ላይ አይቀየርም። ትንሿ ከተማችን በዓለም የማይለወጥ አድራሻ አገኘች ማለት እኮ ነው!

ኩባንያዎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል አብሮ ሰጠ። የጉግል ተርጓሚ በ2016 አማርኛን፣ በ2022 ደግሞ ኦሮምኛንና ትግርኛን ጨመረ። ኩባንያዎች የሚለማመዱት ለፊደል ብቻ አይደለም፤ ለኔትወርክም ጭምር ነው። ፌስቡክ በ2015 ፌስቡክ ላይት የተባለውን ቀለል ያለ መተግበሪያ ያወጣው ደካማ ኔትወርክና ርካሽ ስልክ ያለውን ሰው አስቦ ነው።

ይሁንና «ፊደሉ ካለ ለምን አሁንም በላቲን ትጽፋላችሁ?» ብትሉ አንዱ መልስ ሂሳብ ነው። አንድ የስልክ አጭር መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ሆሄ ሲይዝ በግዕዝ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ረዘም ያለ መልእክት በራሳችን ፊደል የጻፈ ሰው የሁለት ሊከፍል ይችላል። ኪሱ የሳሳ ተማሪ ምን ያድርግ?

እንደ አያቴ ያሉት ደግሞ ፊደልን ጭራሽ አልፈውት ሄደዋል። ዐረብ አገር ያለችው አክስቴ በኢሞ ድምፅ ትልካለች፤ አያቴም አንድ ቁልፍ ተጭነው ይመልሳሉ። ማንበብ መጻፍ ሳያስፈልጋቸው ዘመኑን ተላመዱት! ግን ይህም ዕዳ አለበት። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤተሰባችን ከኩታበር ሲሸሽ የአያቴ ስልክ መንገድ ላይ ጠፋ። የአክስቴ የሦስት ዓመት ድምፅም አብሮ ሄደ። አያቴ የሚያዝኑት ለስልኩ አይደለም። «ድምጿ እኮ ነው የጠፋኝ፣ ልጄ» ይላሉ እስከ ዛሬ።

እኔም ያን ቃለ መጠይቅ ልጽፍ የተነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው። መዝግቦ መጻፍ ብቻ ግን አይበቃም፤ መገኘትም አለበት። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል አንዱ በፀሐዩ ፀ፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ፣ ሌላውም በሀሌታው ሀ ይጽፈዋል። ለእኛ ያው አንድ ፀሐይ ነው። ለማሽን ግን «ፀ» 4928፣ «ጸ» 4920 ስለሆኑ ካልተነገረው በቀር የተለያዩ ቃላት ናቸው። ባንዱ ተጽፎ በሌላው የተፈለገ ታሪክ ላይገኝ ይችላል። አዘጋጅ የሚሆን ሰው የቦታና የሰው ስም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሆሄ ይጻፍልኝ ቢል ግትርነት አይደለም።

ሌላው የማያኮራን ነገር ብዛቱ ነው። አማርኛ በሚሊዮኖች የሚነገር ቋንቋ ሆኖ ሳለ ማንም ሰው ሊጽፍበት የሚችለው የአማርኛ ውክፔዲያ ያሉት መጣጥፎች 15 ሺህ ገደማ ናቸው። ቁጥሩን የሰጡን ሰዎች ሥራቸውን ከጨረሱ ከ25 ዓመት በላይ ሆነ። በሩ ተከፍቷል፤ የቀረው የእኛ መግባት ነው። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውም የሚማረው ከተጻፈው ነው፤ ስለ ኩታበር ካልተጻፈ ስለ ኩታበር ከየት ያመጣል?

የእኔን ጉዳይ ለመጨረስ ያህል፣ ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ ቃለ መጠይቁን ከእጅ ጽሑፌ በዩኒኮድ እንደገና ተየብኩት። እያንዳንዱን ስም ደግሞ በአንድ ሆሄ። በማግስቱ ረፋድ ላይ አስረከብኩ፤ ለመዘግየቴም ሁለት ማርክ ተቀነሰብኝ። ይሁን፤ የአያቴ ቃል ግን አሁን የትም ቢከፈት በአማርኛ ይነበባል።

እናንተም አያት ካላችሁ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፣ ጻፉትም። ቸር ያሰንብተን።