«ተረት ተረት» ሲባል መልሱ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

አባባ ተስፋዬ በሚለው ስም የምናውቃቸው ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነግረዋል። በ2009 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም ስማቸው ከተረት ተለይቶ አያውቅም። ይሁንና ቤቱ ተቀምጦ ሰላምታቸውን የሚመልስ ሕፃን ድምፁ ከሳሎኑ አያልፍም ነበር፤ የቴሌቪዥን ሞገድ የሚጓዘው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነውና። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የ«ፕላዝማ» ትምህርትም ይኸው ጠባይ ነበረው። ተማሪው ቢገባውም ባይገባውም በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ወደሚቀጥለው ርእስ ያልፍ ነበር።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ በኋላ ብዙዎቻችን በኢንተርኔት በቪዲዮ መነጋገርን ለመድን። ይህ መሣሪያ ከቴሌቪዥን የሚለየው መልስ የሚቀበል በመሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ቡታጅራ አንድ የቤተ መጻሕፍት ክፍል፣ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ፕሮጀክተር ቢገኝ፣ በአዲስ አበባ ወይም በወልቂጤ ያለ ተራኪ ከ4 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ ልጆች ሳምንታዊ የተረት ሰዓት ሊያካሂድ ይችላል። እንዲህ ያለ ዕቅድ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከመጽሐፍና ከሥዕል ምርጫ ነው። በእኔ አስተያየት ግን መጀመር ያለበት «የልጁ መልስ ወደ ተራኪው እንዴት ይመለሳል?» ከሚለው ጥያቄ ነው።

ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆች በአንድ ድምፅ «የላም በረት» ይላሉ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 3 ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ልጅ ዘንድ ለመድረስ 9 ሚሊሰከንድ ያህል ይበቃዋል። በኢንተርኔት ግን ድምፁ ወደ ቁጥር ተለውጦ፣ በጥቃቅን ጥቅሎች ተከፋፍሎ፣ በየመገናኛው ወረፋ ጠብቆ ይደርሳል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለንግግር እምብዛም አያውክም የሚለው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት እስከ 150 ሚሊሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ድምፅ በአየር 51 ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ መስመሩ ደኅና በሆነበት ቀን እንኳ ተራኪው የኳስ ሜዳ እኩሌታ ያህል ርቆ እንደቆመ ሰው ነው፤ መስመሩ ሲደክም ከሜዳውም ወዲያ ይሄዳል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ በየቤቱ ስልክ ይዞ ቢቀመጥ የሁሉም መልስ በየራሱ መዘግየት ስለሚደርስ የኅብረት ምላሽ ጫጫታ ይሆናል፤ አብሮ መዘመርማ ከቶ አይቻልም። ልጆቹ በአንድ ክፍል ቢሰበሰቡ ግን እርስ በርሳቸው የሚሰማሙት በአየር ነውና የሚዘገየው ተራኪው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ተራኪው ከጥያቄው በኋላ ዝም ብሎ መጠበቅን መልመድ አለበት። ብዙዎቹ የመገናኛ ፕሮግራሞች የአንድን ሰው ንግግር አጥርተው ሌላውን ድምፅ እንደ ረብሻ ለማፈን የተሠሩ በመሆናቸው፣ የ30 ሕፃናት ምላሽ ተቆራርጦ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ምላሹ የሚታይም ቢሆን፣ ማለትም ብድግ ማለት ወይም እጅ ማንሣት ቢታከልበት፣ ብርሃን ለድምፅ ዋስ ይሆነዋል።

የቃላት ጥራት ደግሞ ከዚህ የባሰ ጥንቃቄ ይሻል። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ተራኪው በመደበኛ ስልክ ይደውል የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። መደበኛ የስልክ መስመር ለረጅም ዘመን የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነበር። የ«ስ» ፉጨት አብዛኛው ጉልበት ያለው ግን ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው። በዚህ ጠባብ መስመር «ጅቡ ሠራ» እና «ጅቡ ፈራ» ይቀላቀላሉ። አዋቂ ሰው የጎደለውን ከዐረፍተ ነገሩ ይሞላዋል። ሕፃን ግን ያለው የቃላት ስንቅ ጥቂት ነው፤ በቡታጅራና በዙሪያዋ በቤቱ ስልጥኛ፣ መስቃንኛ ወይም ማረቆኛ የሚናገርና አማርኛን ገና የሚለምድ ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይቸገራል። እንዲህ ያለው ልጅ ተረቱ ካመለጠው «አልገባኝም» አይልም፤ ዝም ይላል፣ ተራኪውም የተረዳው ይመስለዋል። በስልክ ከመተረክ ይልቅ አስቀድሞ በጥራት የተቀዳ ተረት በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር አስቀምጦ መጠበቅ ይሻላል።

ክፍሉም ራሱ ቃላትን ያበላሻል። ዋላስ ሳባይን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ከ100 ዓመት በፊት ባገኘው ቀመር መሠረት፣ 8 በ6 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ባዶ ክፍል ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው ከሚያርፍባቸው ድምፅ 3 በመቶውን ብቻ ቢመጡ፣ አንድ ጩኸት እስኪከስም 4.3 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። 30 ልጆች ሲገቡበት ጊዜው ወደ 1.6 ሰከንድ ይወርዳል። በግድግዳው ላይ 20 ካሬ ሜትር ያህል ጋቢና ወፍራም መጋረጃ ቢሰቀል ወደ 1 ሰከንድ ይጠጋል፤ ለመማሪያ ክፍል የሚመከረው 0.6 ሰከንድ አካባቢ ነው። በነገራችን ላይ ተረት ድሮ ይነገርበት የነበረው የጉራጌ ሣር ክዳን ቤት ይህን ችግር አያውቀውም፤ ሣሩ ድምፅን ይመጥጣል። በክረምት ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተረት ማቀድ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ጠዋት ይሁን።

ርእሰ ጉዳዩስ? ከሌላ አገር የተቀዳ የበረዶ ደን ተረት ለቡታጅራ ልጅ የሚመለስ ጥያቄ አይሰጠውም። ከከተማዋ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ በስልጤ ዞን፣ ሐረ ሸይጣን አለ፤ ስሙ የሰይጣን ሐይቅ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ግማሽ ተረት ነው፤ ከልጆቹም ቤት አያቶች የሚጨምሩበት ይኖራቸዋል። የሳምንቱ ጭብጥ «ጉድጓዱን ማን ቆፈረው?» ቢሆን፣ ከአያት ተረት ቀጥሎ የምድር ታሪክ ሊነገር ይችላል። ከምድር የወጣው የቀለጠ አለት ከከርሠ ምድር ውኃ ጋር ተገናኘ፤ ውኃው በቅጽበት ተነነ። ውኃ በተለመደው የአየር ግፊት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዞታው 1,600 እጥፍ ያህል ይሰፋልና መሬቱን በርቅሶ ወጣ፤ በጉድጓዱም ሐይቅ ተኛ።

ይህን ለማሳየት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ፊኛን ከቀጭን ላስቲክ ቱቦ ጋር አስሮ በሰፊ ሳፋ ውስጥ ደረቅ አሸዋ ያለብሰዋል፤ ልጆቹን ሁለት ሜትር አርቆ እስኪፈነዳ ድረስ በብስክሌት መንፊያ ይነፋዋል። አሸዋው ላይ ክብ ጉድጓድ ይቀራል። ፕሮግራሙ ፍንዳታውን እንደ ረብሻ ቆጥሮ ሊያፍነው ስለሚችል ተራኪው ላይሰማው ይችላል። ካሜራው ወደ ሳፋው ሳይሆን ወደ ልጆቹ ፊት የተደገነ ከሆነ ግን መፈንዳቱን ከእነርሱ ያውቃል።