ተባይ የሚፈትነው ገብስ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ በኩል ወደ አሰላ የሚጓዝ ሰው፥ ኢተያን አልፎ የጭላሎ ተራራ ከፊቱ ሲገዝፍ፥ ከተማይቱ ሳይደርስ የቁሉምሳን የእርሻ ምርምር ማዕከል ያገኛል። ማዕከሉ ሥር የሰደደው በስዊድን መንግሥት ርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ በጀመረው፥ ሕዝቡም ካዱ ብሎ በሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ዘመን ሲሆን፥ ስሙ የገነነው ዋግን በሚቋቋም ስንዴ ነው፤ የዋግ ነገር ግን ብዙ ስለ ተነገረለት፥ እዚህ የምናነሣው የተባይን ነገር ይሆናል።

በአርሲና በባሌ ደጋ የገብስ ዝንብ እንቁላሏን በቡቃያው ላይ ትጥላለች፤ የተፈለፈለው ትልም ወደ ውስጥ ዘልቆ ማደጊያውን ሲበላ የመካከሉ ቅጠል ይደርቃል። የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ የተባለችው ደግሞ፥ በስሟ ስንዴን ትጥራ እንጂ ለገብስም የማትራራ ናትና፥ ቅጠሉን ጠቅልላ በውስጡ ስለምትሸሸግ የሚረጨው መድኃኒት በቀላሉ አይደርስባትም። መከላከያውን ከዘሩ መሻት ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

የዘር ፈተና ሥርዐቱ ከገበሬው ልማድ ተቃራኒ ነው፤ መድኃኒት ይከለከላል፥ ተባይም እንደ እንግዳ ይጠበቃል፥ ካልበቃም ተራብቶ በቡቃያው ላይ ይለቀቃል። በየመደቡ መካከል መሸነፉ የታወቀ ዝርያ ይዘራል፤ እርሱ ሳይጠቃ ከቀረ፥ የሌሎቹ ደኅንነት የዕድል እንጂ የጽናት ምስክር አይሆንም። ከዚያም የደረቀው ቡቃያ ይቈጠራል፥ የቅጠሉ መንጣትና መጠቅለልም በነጥብ ይመዘናል።

አሜሪካዊው ሊቅ ሬጂናልድ ፔይንተር እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ ተቋቋሚነትን በሦስት ወገን ከፍሎታል፤ ተባዩ የሚሸሸው፥ ተባዩን የሚጎዳውና ተጎድቶም ምርት የሚሰጠው ዝርያ። እኔ የማደላው ለሦስተኛው ነው፤ በአሜሪካ የሄሲያን ዝንብ እጭን የሚገድሉ የስንዴ ዝርያዎች ከዓመታት በኋላ በአዲስ የዝንብ ነገድ ተረትተዋልና፥ ታግሦ የሚያፈራ እህል ግን ተባዩን ወደ እንዲህ ያለ ለውጥ አይገፋፋም።

አገራችን ለዚህ ምርመራ የሚሆን ዘር አልተነፈጋትም፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ማኅደርም የገበሬውን ጥንታዊ ገብስ ሲሰበስብ ኖሯል። ክሽክሽ የምታመላልሰውን የገብስ ማቀጨጫ ቫይረስ የሚቋቋመው ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ሲሆን፥ ከዚህ ተወስዶ በካሊፎርኒያ ገብስ ውስጥ ገብቷል።