የመኪና ነዳጅ መርገጫ ሲታመም ምርመራው እንዴት እንደሚደረግ

ማዳበሪያና የተመረጠ ዘር ወደ ገበሬው በሚጓዝበት በግንቦትና በሰኔ ወር የአንድ ወረዳ መኪና ቢቆም ጉዳቱ ለመኪናው ብቻ አይደለም። መኪናው በዳገት ላይ ጕልበቱ ድንገት ሲከዳው፣ ሹፌሩም ነዳጅ መርገጫውን እስከ ወለሉ ቢረግጠው ሞተሩ ድምፁን ሳይጨምር ሲቀር፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚከሰሰው የነዳጁ ፖምፓ ነው። ፊልትሮው ይለወጣል፤ ኖዝሉ ይፈታል፤ በመጨረሻም ለፖምፓ መግዣ ገንዘብ እንዲፈቀድ ደብዳቤ ተጽፎ ለሹሙ ይቀርባል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ግን ሕመሙ በመርገጫው ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ዕቃ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ የሚፈርም ሹም መፍቻ ባይጨብጥም እንኳ የምርመራውን ሥርዓት ማወቁ ይገባዋል።

በቀድሞዎቹ መኪናዎች መርገጫው ከሞተሩ ጋራ የሚገናኘው በብረት ገመድ ነበረ። ገመዱ ቢላላ ወይም ቢበጠስ በዓይን ይታይ ነበርና መካኒኩን አያደክመውም ነበር። በዛሬዎቹ መኪናዎች በአብዛኛው ገመድ የለም። በመርገጫው ራስ ላይ ሴንሰር የሚባል ዕቃ አለ፤ ሥራውም እግር ምን ያህል እንደ ተጫነ ለሞተሩ ኮምፒውተር መንገር ነው። ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይልክለታል፤ ሴንሰሩም መርገጫው ሲለቀቅ ጥቂት፣ ሲረገጥ ብዙ አድርጎ ይመልሳል።

መልእክተኛው አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቃሉን የሚያመሳክር ባልተገኘም ነበር። ስለዚህ በሴንሰሩ ውስጥ ሁለት መስመር ተሠርቷል። በብዙ የቶዮታ መኪናዎች መርገጫው ሲለቀቅ የመጀመሪያው መስመር 0.8 ቮልት ገደማ፣ ሁለተኛው 1.6 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ፤ ሲረገጥም ልዩነታቸውን ጠብቀው አብረው ይወጣሉ። በሌሎች መኪናዎች ደግሞ የሁለተኛው መጠን የመጀመሪያው ግማሽ ይሆናል። የሁለቱ ቃል አልስማማ ያለ እንደ ሆነ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ምልክት መብራት ያበራል፤ ጕልበቱንም ይቀንሳል። በቶዮታ አሠራር አንደኛው መስመር ቢበላሽ በሌላው ይሠራል፤ ሁለቱም ቢበላሹ ግን መርገጫው እንዳልተረገጠ ይቆጠርና ሞተሩ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት በዝቅተኛው ዙር ብቻ ይዞራል። ይህ መኪናው ካለ ሹፌሩ ፈቃድ እንዳይፈረጥጥ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። ይሁን እንጂ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን በሚወጣው ረጅም ዳገት፣ ከባድ መኪና ከኋላው እየተከተለው፣ ጭነት የያዘ መኪና ጕልበት ቢያጣ ጥንቃቄው ራሱ አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

ብልሽቱ እንደ ታየ ብዙ ሹፌሮች የባትሪውን ሽቦ ፈትተው መልሰው ያስራሉ። መብራቱ ይጠፋል፤ መኪናውም ለጥቂት ጊዜ ደኅና ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ሥራ ኮምፒውተሩ መዝግቦት የነበረው የብልሽት ቁጥር ሊጠፋ ይችላል፤ ይኸውም ፍርድ ሳይሰማ ምስክርን እንደ ማባረር ነው። አስቀድሞ የምርመራው መሣሪያ ከመሪው በታች ባለው 16 ቀዳዳ ሶኬት ተሰክቶ ቁጥሩ መነበብና በወረቀት መጻፍ አለበት። ፒ 2122 እና ፒ 2123 የመጀመሪያው መስመር ከመጠን በታች ወይም ከመጠን በላይ መሆኑን ይናገራሉ፤ ፒ 2127 እና ፒ 2128 ስለ ሁለተኛው ይህንኑ ይላሉ፤ ፒ 2138 ሁለቱ አለመስማማታቸውን ያስታውቃል። ከእነዚህ አንዱ ተገኘ ተብሎ ግን ወዲያው ሴንሰር አይገዛም። ቁጥሩ የሚያመለክተው መስመሩን ነውና ጥፋቱ የሽቦው ወይም የሶኬቱ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቁልፉ ተዘግቶ የመርገጫው ሶኬት ይነቀላል። የመኪናው ወለል በውሃ የሚታጠብ ከሆነ አረንጓዴ ዝገት፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ ይገኝበታል። በእህል ጎተራ አጠገብ የሚያድር መኪናም ሽቦው በአይጥ ተበልቶ እንደ ሆነ መታየት አለበት።

ሶኬቱ ደኅና ከሆነ መልሶ ይሰካል፤ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ ባዶ ሆኖ፣ ሞተሩም ሳይነሣ ቁልፉ ይከፈታል። ልኬቱ ሽቦው ሳይበሳ ከሶኬቱ ጀርባ ይወሰዳል። አስቀድሞ 5 ቮልቱና የመሬቱ ሽቦ ይታያሉ፤ 5 ቮልቱ ካልደረሰ በሴንሰሩ ላይ አይፈረድበትም። ቀጥሎ መርገጫው በጣም ቀስ ተብሎ ሲረገጥ ቮልቱ ሳይዘል ሳይወድቅ መውጣት አለበት። በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ወድቆ የሚመለስ ከሆነ የሴንሰሩ መንገድ እዚያ ላይ ተበልቷል፤ ብልሽቱ አንድ ቀን ታይቶ ሌላ ቀን የሚጠፋውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሽቦው በእጅ ሲነቀነቅ ልኬቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከሽቦው ነው። የቶዮታን ሴንሰር ከመርገጫው ፈትቶ ለማስተካከል መሞከር አይገባም፤ የሚለወጠው ከነመርገጫው ነው። ከእግር በታች የተጣጠፈ ምንጣፍም መርገጫውን አግዶ ተመሳሳይ የጕልበት ማነስ እንደሚያሳይ መዘንጋት የለበትም።

የዕቃ መግዣ ደብዳቤ ሲቀርብ የብልሽቱ ቁጥር፣ መርገጫው ሲለቀቅና ሙሉ ሲረገጥ የሁለቱ መስመሮች ቮልት፣ ሶኬቱም በምን ሁኔታ እንደ ተገኘ ተጽፎ እንዲያያዝ ሹሙ ማዘዝ ይችላል። ሁለቱም መስመሮች ተስማምተው ያለ ዝላይ ከወጡ፣ ያን ጊዜ ወደ ፊልትሮውና ወደ ፖምፓው ምርመራ መሄድ ተገቢ ነው።