ንግግር ሲጠፋ ዜማ የቀደመበት መንገድ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2011 የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ጋብሪኤል ጊፈርድስ በአሪዞናዋ ቱሳን ከተማ ከመራጮቻቸው ጋር እየተነጋገሩ ሳለ ጭንቅላታቸውን በጥይት ተመቱ። በዚያ ጥቃት 6 ሰዎች ሞተዋል።

ጥይቱ የአንጎላቸውን ግራ ክፍል ሰንጥቆ አለፈ። ሐኪሞቹ ያበጠው አንጎል እንዳይታፈን የራስ ቅላቸውን ከፊል አነሱ። ሕይወታቸው ተረፈ፤ ቀኝ እጅና እግራቸው ግን አልታዘዝ አለ፤ ንግግራቸውም ጠፋ።

ይህ የንግግር እክል አፋዥያ ይባላል። የብዙ ሰው ቋንቋ በዋናነት የሚመራው ከግራው የአንጎል ክፍል ነው። እዚያ ጉዳት ሲደርስ ሐሳቡ እያለ ቃሉ አልወጣ ይላል። ጠያቂ ዘመዶች ይህን ቢያውቁ እንዴት መልካም ነበር! ዝም ያለ ሰው ሁሉ የማይሰማ ይመስላቸውና በፊቱ ስለ እሱ ያወራሉ።

ጊፈርድስን በሂዩስተን የማገገሚያ ሆስፒታል ያገዛቸው አንዱ ነገር ሙዚቃ ነው። ዜማ የቀኙንም የአንጎል ክፍል ስለሚያሳትፍ፣ ሊናገሩት ያቃታቸውን ቃል በዘፈን ያወጡት ነበር። በዚህ ዓይነት ሕክምና ታካሚው ቃሉን በዜማ ደጋግሞ ይለማመዳል፤ ዜማው ቀስ በቀስ እየቀነሰ ወደ ተራ ንግግር ይቀርባል። አድካሚ ሥራ ነው፤ ዓመታትንም ይጠይቃል።

ጥቃቱ በደረሰበት በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ጊፈርድስ ወደ ምክር ቤቱ ተመልሰው ድምፅ ሰጡ። በ2012 ግን በሕክምናቸው ላይ ለማተኮር ወንበራቸውን ለቀቁ። ዛሬም ዓረፍተ ነገሮቻቸው አጫጭር ናቸው። በእነዚያው አጫጭር ቃላት የጦር መሣሪያ ጥቃት እንዲቀንስ ይሟገታሉ።