አራሚ የሌለው ግልባጭ

ቁም ጸሐፊ የገለበጠውን ብራና መልሶ ያነባል፤ የሳተው ፊደል ካለ ፍቆ ያርማል። ትውከት የሚያስከትለው ኖሮቫይረስ ግን አራሚ የለውም። ወደ 7,500 ፊደል የሚጠጋው የአር ኤን ኤ ክሩ አንጀታችን ውስጥ በተገለበጠ ቁጥር ስህተት ሾልኮ ይገባል። አብዛኛው ስህተት ለራሱ ለቫይረሱም አይበጅም፤ አልፎ አልፎ ግን የውጭ ልባሱን ይለውጥለታል። ያኔ ዓምና ታሞ የዳነ ሰው ሰውነት ሲመለስበት በቅጡ አይለየውም።

ስሙን ያገኘው ከኖርዎክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እየተከታተሉ ካስመለሱባት የኦሃዮ ከተማ። በ1972 የቫይረስ ተመራማሪው አልበርት ካፒኪያን ከዚያ የተገኘውን ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ፀረ እንግዳ አካላት ያጣበቋቸውን ድብልብል ቅንጣቶች አየ።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዓለምን ሲያዳርስ የኖረው ጂ2.4 የሚባለው ዝርያ ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ ልባሱን እየቀየረ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ጂ2.17 ነው። በ1978 ፈረንሣይ ጉያና ውስጥ በተወሰደ ናሙና ተገኝቷል። ከዚያ ለአሥርተ ዓመታት እዚህም እዚያም ብቅ ከማለት በቀር ከቁም ነገር የሚጥፈው አልነበረም። በ2014 ማብቂያ፣ በብርዱ ወራት፣ የቻይናዋን ጓንግዶንግ አጥለቀለቀ፤ ጃፓንም ውስጥ በካዋሳኪ ከተማ ስም የተጠራው ልውጥ ታየ። ዓለምን ሊያዳርስ ነው ሲባል ቀዝቀዝ አለ። ከ2023 ወዲህ ግን አውሮፓ ውስጥ እንደገና ተነሣ፤ አሜሪካ ውስጥም ከ2024 ወደ 2025 በተሻገረው የብርድ ወቅት ዝርያቸው ከተለየ ወረርሽኞች ሦስት አራተኛ ያህሉ የእሱ ሆኑ።

በኖሮቫይረስ ለመታመም ከአሥር እስከ መቶ ቅንጣት ይበቃል። አልኮል ያለው ሳኒታይዘር እምብዛም አይጎዳውም፤ አልኮሉ የሚያሟሟው የስብ ሽፋን የለውምና። ከማዕድ በፊት ውሃ ሲፈስልን ጣትና ጥፍር ድረስ በሳሙና ማሸት ነው ጠርጎ የሚያወርደው። ትውከት የነካውን ወለል ደግሞ በረኪና።

ኖሮቫይረስ በዓመት 200,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከእነዚህ 50,000 ያህሉ ሕፃናት ናቸው፤ አብዛኞቹም የድሃ አገር ልጆች። ክትባት ይሠራ ሲባል የትኛው ልባስ ይካተት የሚለው የሚወሰነው በተነበቡ ዘረመሎች ነው። ንባቡ በብዛት የሚመጣው ግን ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከቻይና ላቦራቶሪዎች ነው። ልጆቹ በሚሞቱባቸው መንደሮች የሚዞረው ግልባጭ በአመዛኙ ሳይነበብ ይቀራል።