ወንዝ ሲደርቅ በውስጡ የነበረው ሕይወት ወዴት ይሄዳል?

ልጆቻችን በትምህርት ቤት ካርታ ሲያጠኑ ወንዞች ሁሉ በሰማያዊ መስመር ተሥለው ያያሉ። መስመሩም ከምንጩ እስከ መድረሻው ሳይቋረጥ ስለሚታይ፥ ወንዝ ማለት ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ውኃ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ከእነዚሁ ልጆች ብዙዎቹ በጥርና በየካቲት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እግራቸውን ውኃ ሳይነካው የሚሻገሩት ወንዝ አለ፤ በሐምሌ ደግሞ ያው ወንዝ ሞልቶ ሰውንም ከብትንም ከወዲያ ማዶ ያስቀራል። እንዲህ ያለውን ወንዝ «የክረምት ወንዝ» ብለን በቸልታ እናልፈዋለን፤ በበጋም ደርቆ ስናየው አለቀለት፥ ሞተ እንላለን። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ አነጋገር እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ከክቡራን አንባብያን ጋር ልንመረምር አስበናል።

በመጀመሪያ ነገሩ የጥቂት ወንዞች ጉዳይ እንዳይመስለን ያስፈልጋል። በ2021 (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት፥ የዓለም ወንዞች ርዝመት ቢደመር ከ100 እጅ ከ51 እስከ 60 የሚሆነው በዓመት ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ቀን መፍሰሱን እንደሚያቋርጥ አስረድቷል። ከዓለም ሕዝብም ከግማሽ ለሚበልጠው በአቅራቢያው የሚገኘው ወንዝ ይኸው የሚቋረጠው ዓይነት ነው። እንግዲህ የሚደርቅ ወንዝ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቶ ከሁሉ ይልቅ የተለመደው ነው ማለት ይቻላል።

ለምሳሌ የሚሆነን ከአገራችን ተራሮች የሚነሣው የአትባራ ወንዝ ነው። የላይኛው ክፍሉ ጓንግ ይባላል፤ የሚነሣውም ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ምዕራብ ካለው ከጭልጋ አካባቢ ነው። ኋላም አንገረብ ይጨመርበታል፤ ከላስታ የሚነሣው ተከዜም ሰቲት የሚል ስም ይዞ በሱዳን ምድር ይገናኘዋል። ከዚያም በረሓውን አቋርጦ በአትባራ ከተማ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ወንዙ ግድብ ሳይሠራበት በፊት በክረምት እጅግ ኃይለኛ ሆኖ ይፈስ ነበር፤ በበጋ ግን በታችኛው ክፍሉ ውኃው እየተቋረጠ የአሸዋ መንገድ ይሆን ነበር።

እንግሊዛዊው አገር አሳሽ ሳሙኤል ቤከር በ1861 በሰኔ ወር በዚሁ በደረቀው ወንዝ ዳር ተጉዞ ነበር፤ ያየውንም በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። አሸዋው በፀሐይ እየጋለ በዘምባባ በተከበቡት ሁለት ዳርቻዎች መካከል ተዘርግቶ ነበር። ነገር ግን ወንዙ በሚጠመዘዝበት ስፍራ አልፎ አልፎ ጥልቅ ኩሬዎች ቀርተው ነበር። በእነዚህ ኩሬዎች ውስጥ ዓሣው፥ አዞው፥ ኤሊውና ጉማሬው ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር፤ አዕዋፍና የዱር አራዊትም ለመጠጣት ወደዚያው ይወርዱ ነበር። በጁን 23 ቀን ሌሊት፥ በዚያ ስፍራ ዝናብ ሳይዘንብ፥ እንደ ሩቅ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። በአሸዋው ላይ ተኝተው የነበሩት ሰዎች በጩኸት ተቀስቅሰው ወደ ዳር ሸሹ። የመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደው ደራሽ ውኃ ነበር፤ ሲነጋም ወርዱ 450 ሜትር ያህል፥ ጥልቀቱ ከ4 ሜትር ተኩል እስከ 6 ሜትር የሚደርስ ታላቅ ወንዝ በፊታቸው ይፈስ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአንድ ሌሊት የመጣው ውኃ ነው እንጂ ዓሣው አይደለም። በክረምት በዚያ ሰፊ ወንዝ የሚራባው ዓሣ በበጋ በኩሬዎቹ ተርፎ የቆየው ነው። ስለዚህ ኩሬው ለመጪው ዓመት ተጠብቆ የቆየ ዘር ነው፤ ገበሬ በጐተራው ጥግ ለዘር ብሎ እንደሚያስቀምጠው እህል ማለት ነው።

ፍጥረታት የድርቁን ወራት የሚያሳልፉባቸው መንገዶች ግን በኩሬ መሸሸግ ብቻ አይደሉም። የተፈጥሮን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት የደረሱበትን በአጭሩ እንገልጻለን።

አንደኛው፥ እንዳልነው፥ በቀረው ውኃ መቆየት ነው። በገበያችን የምናውቀው አምባዛ በዚህ የታወቀ ነው። ከስንጥቡ በላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈለ የመተንፈሻ ክፍል ስላለው ከአየር መተንፈስ ይችላል፤ ስለዚህ ሌላው ዓሣ በሚታፈንበት ጭቃማ ውኃ ይኖራል። ምድሩ እርጥብ በሆነበት ሌሊትም በደረቱ እየተሳበ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል።

ሁለተኛው ወደ ታች መውረድ ነው። ከላይ ደርቆ በሚታየው አሸዋና ጠጠር ሥር ውኃ ቀስ እያለ ይጓዛል። ሴቶቻችን በበጋ አሸዋውን በእጃቸው እየጫሩ ንጹሕ ውኃ የሚቀዱት ከዚህ ነው፤ ዝሆንና ዝንጀሮም ይህን ጥበብ ያውቃሉ። ደቃቃን ትሎችና የነፍሳት እጮችም በጠጠሩ መካከል ወርደው ይሰነብታሉ።

ሦስተኛው መተኛት ነው። ብዙ ጥቃቅን የውኃ ነፍሳት ራሳቸው ሲሞቱ እንቁላላቸው በደረቀው ጭቃ ውስጥ ይቆያል። ቀንድ አውጣ የቅርፊቱን አፍ ዘግቶ ይተኛል። በአፍሪካ ረግረጎች የሚኖር ሳንባ ያለው የዓሣ ወገንም ጭቃውን ቆፍሮ ይገባና፥ ከሰውነቱ በሚወጣ ዝልግልግ ፈሳሽ ራሱን ጠቅልሎ፥ በትንሽ ቀዳዳ አየር እየሳበ ለወራት ይቆያል።

አራተኛው ሄዶ መመለስ ነው። የውኃ ተርብ ክንፍ ስላለው ወደ ሌላ ውኃ በርሮ በክረምት ይመለሳል። በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ ከሚባለው ወገን በሌላ አገር የማይገኙ 15 ያህል ዓይነቶች ይኖራሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ነሐሴና መስከረም ሲደርስ ጉማራን፥ ርብንና መገጭን ወደ መሰሉት ገባሮች ወጥተው በጠጠሩ ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በበጋ ውኃው እጅግ የሚያንስ ወንዝ ለዚህ ዓሣ የልጆቹ መወለጃ ቤት ነው።

ወንዙ ደርቆ ሳለም ስፍራው ባዶ አይሆንም። ጉንዳን፥ ጥንዚዛና ሸረሪት ወደ አሸዋው ይገባሉ፤ የዱር እንስሳም መንገድ ያደርጉታል። በአንድ ቤት ሁለት ቤተ ሰብ በየተራ እንደሚኖር ሁሉ፥ የሚደርቅ ወንዝ በክረምት የውኃውን፥ በበጋ የየብሱን ፍጥረት ያስተናግዳል። ዛሬ ብዝኃ ሕይወት የሚባለው የፍጥረታት ብዛትና ልዩነት በእንዲህ ያለ ወንዝ ሊታወቅ የሚችለው ሁለቱም ወቅቶች ሲቆጠሩ ነው።

በዳርቻው ካሉት ዛፎች የሚረግፈው ቅጠልም በደረቀው ወንዝ ውስጥ ይከማቻል። በ2018 የታተመ፥ ከ200 በላይ ደረቅ የወንዝ ስፍራዎችን የመረመረ ጥናት እንዳስረዳው፥ ይህ ቅጠል ውኃ በነካው ጊዜ መበስበስ ጀምሮ ብዙ የተቃጠለ አየር ይለቃል። መበስበሱ ከውኃው ኦክሲጅን ስለሚወስድ የመጀመሪያው ጎርፍ ለዓሣው አስጊ ሰዓት ነው። እንግዲህ በቅጠሉ ላይ እኛ ደግሞ በበጋ ሁሉ የቤት ጥራጊ፥ የመኪና ዘይትና የቄራ ቆሻሻ ስንጥልበት ብንቆይ፥ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ታጥቦ ዓሣው ተጨናንቆ ወዳለበት ኩሬ ይገባል ማለት ነው።

ቤከር ያየው አትባራ ዛሬ በዚያው መልክ የለም። በ1964 የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ፥ በ2009 የተከዜ ግድብ፥ በ2017 ደግሞ በሱዳን በአትባራና በሰቲት ላይ የተሠሩት መንትያ ግድቦች የውኃውን መምጫና መሄጃ ለውጠውታል። ግድብ መብራትና መስኖ ይሰጣል፤ ይህን አንነቅፍም። ነገር ግን የታላላቆቹ ወንዞች ነገር በመንግሥታትና በመሐንዲሶች እጅ ሲሆን፥ የየሰፈራችን ትንንሽ ወንዞች ነገር በእኛው እጅ ነው። እነርሱን የሚጐዳውም ብዙ ጊዜ የበጋው ሥራችን ነው።

አሸዋው ያለ ልክ ለሕንፃ ሲዛቅ የወንዙ ወለል ይወርዳል፤ ከሥሩ ያለውም ውኃ አብሮ ይርቃል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ በኩሬ ሲጨመር ትልቁም ትንሹም ዓሣ በአንድነት ያልቃል፤ ለዘር የሚተርፍ አይኖርም። የመጨረሻውን ኩሬ በውኃ መሳቢያ ሞተር መጥልም እንዲሁ ነው። ጉዳቱ ለዓሣው ብቻ አይደለም። ብዙ ዓሦች የትንኝ እጭ ስለሚመገቡ፥ ዓሣው ባለቀበት ጥልቅ ያልሆነ ውኃ የወባ ትንኝ ያለ ከልካይ ልትራባ ትችላለች። በእርግጥ ኩሬው ጠቃሚውን ብቻ አያኖርም፤ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣም ድርቁን ተኝቶ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን በቆመ ውኃ እንዳይዋኙ መከልከላቸው ተገቢ ነው።

ሽንኩርቱ በማሳ ላይ ሊደርቅበት የደረሰ ገበሬ «ኩሬውን ተወው» ቢባል «ልጆቼንስ ምን አበላለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ በንግግር ብቻ ልንመልስለት አይገባም። ነገር ግን ተጠልፎ ያለቀ ኩሬ የሚሰጠው የጥቂት ቀን ውኃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለከብቱም ለጐረቤቱም የሚጠጣ አይቀርም።

በብዙ የገጠር አገራችን የመስኖን ውኃ በተራ የሚያከፋፍል «የውኃ አባት» የሚባል ሰው ይመረጣል። ማንም በጨለማ ተነሥቶ የሌላውን ተራ እንዳይወስድ የሚጠብቅ እርሱ ነው። እኛም የምንለው ይህን ያህል ነው፤ የመንደሩ ሰዎች በበጋው መጀመሪያ ተራ ሲያወጡ ከሁሉ ጥልቅ የሆነውን ኩሬ መርጠው እንደ አንድ ባለ ተራ ይቁጠሩት። ሞተር የማይገባበት፥ ብርብራ የማይጨመርበት፥ ቆሻሻ የማይጣልበት፥ በዙሪያው ያለው ሾላ የማይቆረጥበት አንድ ኩሬ ይኑር። የውኃ አባቱም የሰዎቹን ድርሻ እንደሚጠብቅ የኩሬውንም ይጠብቅ፤ ደራሽ ውኃ በሚመጣበት ጊዜ ወንዙን የሚሞላው ዓሣ ከዚያ ይወጣልና።