ነፍሰ ጡር ሴትና የጃንሜዳ ግፊያ

የጥምቀት በዓል በቀረበ ቁጥር ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። እናት ወይም አማት «ይህን ሆድ ይዘሽ ወዴት ነው የምትሄጂው?» ትላለች፤ ልጂቱም በበኩሏ «ታቦት ሳልሸኝ ቤት ልዋል?» ብላ ትመልሳለች። ባልየው ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ በሚባልበት አገር ሴትን በዚያ ቀን ከቤት ማስቀረት ቀላል ነገር አይደለም፤ ደግሞም ሁልጊዜ አስፈላጊ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ፥ ክርክሩ «ትሂድ ወይስ አትሂድ» መሆኑ ቀርቶ «በስንተኛው ወሯ ትሂድ፥ በስንት ሰዓት ትሂድ፥ የትስ ትቁም» ወደሚል ጥያቄ ቢለወጥ ይሻላል የሚል ነው። አደጋው ያለው በበዓሉ ውስጥ ሳይሆን፥ በበዓሉ ቀን በሚፈጠሩ ጥቂት ጠባብ ስፍራዎችና ጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ነውና።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የበዓሉን አካሄድ መመልከት ያሻል። ጥር 10 ቀን፥ በከተራ፥ ታቦታት ከየመንበራቸው ተነሥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ በአዲስ አበባ ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚያድሩት ከስድስት ኪሎ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በጃንሜዳ ነው። ሌሊቱን ማሕሌትና ቅዳሴ ይደረጋል፤ ጥር 11 ቀን ጧት ውሃው ተባርኮ ለሕዝቡ ይረጫል፤ ከዚያም ታቦታቱ ይመለሳሉ። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ግን አድሮ ጥር 12 ቀን፥ በቃና ዘገሊላ፥ ይገባል። ሜዳው ሰፊ ስለ ሆነ፥ ራቅ ብሎ ቆሞ መዝሙር የሚሰማ ሰው እንደ ልቡ ዞር ማለትና መተንፈስ ይችላል። ሕዝቡ የሚጨናነቀው በሜዳው ሁሉ ላይ ሳይሆን በመግቢያው በር፥ ታቦት በሚያልፍበት ጠባብ መንገድ፥ ውሃው በሚረጭበት ዙሪያና ወጣቶች ዱላ ይዘው ሆ እያሉ በሚዞሩበት ጭፈራ አጠገብ ነው። ምንጣፍ የሚያነጥፉት ወጣቶችም ያነጠፉትን ጠቅልለው እንደገና ወደ ፊት በሚሮጡበት ጊዜ መንገድ ለማስለቀቅ ሕዝቡን ወደ ጎን ይገፉታል፤ ይህን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ሕዝብ ግፊያ የሚያጠኑ ሊቃውንት የሚለኩት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ስንት ሰው እንደ ቆመ ነው። 2 ወይም 3 ሰው ቢሆን ማንም እንደ ፈቃዱ ይራመዳል። 4 ሲሞላ ትከሻ ለትከሻ መነካካት ይጀምራል። ከ5 ከ6 ሲያልፍ ግን ሰው በገዛ እግሩ መሄዱ ያበቃና ሕዝቡ እንደ ውሃ ይሆናል፤ ከኋላ የተነሣው ግፊት እንደ ማዕበል ተላልፎ ፊት ላሉት ይደርሳል፥ የገፋውም ሰው ማንን እንደ ገፋ አያውቅም። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሰው የሚሞተው፥ ብዙዎች እንደሚያስቡት፥ ተረግጦ ብቻ አይደለም፤ ቆሞ ሳለ ደረቱ ተጨንቆ መተንፈስ አቅቶት ነው። ጥቅምት 19 ቀን 2015 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል፥ ኢቴዎን በሚባለው ሰፈር፥ ለበዓል የወጣ ሕዝብ 4 ሜትር ያህል ስፋት ባላት ቁልቁለት መተላለፊያ ውስጥ ተጨናንቆ ከ150 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል፤ ከሞቱትም የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። ቁመቱ ያጠረ፥ ጉልበቱም ያነሰ ሰው በዚያ መካከል ደረቱን ለማስለቀቅ ይቸግረዋል።

የእኛም አገር ሐዘን አለ። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በጎንደር በፋሲለደስ መዋኛ፥ በዓሉን ለመመልከት ሰው የተቀመጠበት የእንጨት መድረክ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ቆስለዋል። ከፍ ብሎ መቀመጥ ከግፊያ ቢያድንም እንጨቱን ማን እንደ ሠራውና ስንት ሰው እንደ ጫነ የማይታወቅበት መድረክ ለነፍሰ ጡር የሚመረጥ ስፍራ አይደለም።

ወደ ነፍሰ ጡሯ እንመለስ። በመጀመሪያ እስትንፋሷን እንውሰድ። ማሕፀን እያደገ ሲሄድ ደረትን ከሆድ የሚለየውን ጡንቻ፥ ድያፍራም የሚባለውን፥ እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ አየር ካስወጣች በኋላ በሳንባዋ በመጠባበቂያ የሚቀረው ከቀድሞው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ የምትፈልገው ኦክስጅን ግን በዚያው መጠን ይጨምራል። ጎተራው ጎድሎ በላተኛው እንደ በዛበት ቤት መሆኑ ነው። ሌላው ሰው ለጥቂት ጊዜ የሚታገሠውን የደረት መጨነቅ እርሷ ያን ያህል ልትታገሠው አትችልም።

ደሟም እንዲሁ ነው። በእርግዝና ዘመን የደሟ ብዛት ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ ነገር ግን የደም ሥሮቿ ስለሚላሉ የደም ግፊቷ በተለይ በመካከለኞቹ ወራት ዝቅ ይላል። ሳትንቀሳቀስ ለረጅም ጊዜ በቆመች ጊዜ ደሙ ወደ እግሯ ወርዶ ይጠራቀማል፤ ያን ጊዜ ዓይኗ ይጨልማል፥ ላብ ያጠምቃታል፥ ጉልበቷም ይከዳታል። የእግር ጡንቻ ሲሠራ ደሙን ወደ ልብ መልሶ ይገፋዋልና ለእርሷ ቀስ ብሎ መራመድ ተገትሮ ከመቆም ይሻላል። እዚህ ላይ በየበዓሉ የሚደረግ አንድ ስሕተት አለ። ሴቲቱ ራሷን በሳተች ጊዜ ሰው ይሰበሰብና በጀርባዋ አስተኝቶ ውሃ ያፈስባታል። ሆዷ የገፋ ሴት በጀርባዋ ስትተኛ ማሕፀኗ ከታች ወደ ልብ የሚመለሰውን ታላቁን የደም ሥር ይጫነዋል፥ ድካሟም ይብስባታል። በግራ ጎኗ አስተኝቶ፥ እግሯን ከፍ አድርጎ፥ የከበባትን ሰው ገለል ማድረግ ነው የሚጠቅማት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የእንግዴ ልጅ ነገር ነው። ማሕፀን ጡንቻ ስለ ሆነ ይለጠጣል፥ ይመለሳልም፤ የእንግዴ ልጁ ግን እንደዚያ አይለጠጥም። ሆድ በክርን ወይም በዱላ በድንገት ሲመታ፥ ወይም እናቲቱ በግንባሯ ስትደፋ፥ ሁለቱ ከተጣበቁበት ሊላቀቁ ይችላሉ። ክፋቱም ደሙ ሁልጊዜ ወደ ውጭ የማይፈስ መሆኑ ነው፤ በውስጥ ተጠራቅሞ ሊቀር ይችላልና «ደም ስላላየሁ ደኅና ነኝ» ማለት አያስተማምንም። የወደቀችው ሴት ተነሥታ፥ ነጠላዋን አራግፋ፥ እየሣቀች ወደ ቤቷ ልትሄድ ትችላለች፤ ሕመሙ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል።

የወሩ ጉዳይ እንግዲህ ከዚህ ይከተላል። እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ማሕፀን በዳሌ አጥንት ውስጥ ተከልሎ ስለሚቀመጥ ከውጭ የሚመጣ ግፊት እምብዛም አያገኘውም፤ በእነዚያ ወራት የሚያስቸግራት ማቅለሽለሽና ማዞር ነው። በ20ኛው ሳምንት ማሕፀኑ እስከ እምብርት ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ከፊት የሚከልለው አጥንት የለም። ሆዷ ሲገፋ የሰውነቷ ሚዛን ይለወጣል፥ መገጣጠሚያዎቿም ይላላሉ፤ ውሃ በተረጨበት ጭቃ ላይ መንሸራተት ለእርሷ ከሌላው ሰው ይልቅ ቅርብ ነው። እኔ ብጠየቅ፥ ጤናማ የሆነች ሴት እስከ ስድስተኛው ወር ድረስ ከግፊያው ርቃ በዓሉን ብታከብር አልከለክልም፤ ከሰባተኛው ወር በኋላ ግን ታቦቱ በሰፈሯ ሲያልፍ ከደጃፏ ሆና ብትሸኝ እመርጣለሁ። ደም የታየባት፥ የእንግዴ ልጁ በማሕፀን አፍ ላይ የተቀመጠባት፥ ያለ ጊዜው ወልዳ የምታውቅ፥ መንታ የያዘች፥ ወይም የእርግዝና ደም ግፊት አለብሽ የተባለች ሴት ግን ወሯ ምንም ይሁን ምን አስቀድማ ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትውጣ።

የቀድሞ እናቶች ነፍሰ ጡር በቀትር እንዳትወጣ አጥብቀው ይከለክላሉ። ምክንያት አድርገው የሚያነሡት የቀትር ጋኔንንና ምችን ነው። በምክንያቱ አንስማማ ይሆናል፤ በሰዓቱ ግን ትክክል ናቸው። በጥር ወር የአዲስ አበባ ሌሊት ብርዱ የሚያንቀጠቅጥ ሲሆን፥ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ 2,300 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለው ፀሐይ ይፋጃል፤ የሕዝቡም ብዛት ሙቀቱን ይጨምረዋል። በዚህ ላይ ከተራ የጋድ ጾም ቀን ስለ ሆነ ምንም ሳይቀምሱ ታቦት የሚሸኙ ብዙዎች ናቸው። እርጉዝ ሴት ሆዷ ባዶ ሲሆን በደሟ ያለው ስኳር ከሌላው ሰው ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል። ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቷ ጋር አስቀድማ ብትነጋገር መልካም ነው፤ ጿሚ ብትሆንም እንኳ በሶ በጥብጣ መጠጣትና ቆሎ ቋጥራ መያዝ ጾሙን አያስፈታትም፤ ጥያቄው የሰዓቱ ብቻ ነው። ውሃም ትያዝ። ሽንት ቤት አይገኝም ብለው ውሃ የሚተዉ ሴቶች አሉ፤ ይህ ግን ድካምን ከማምጣቱም በላይ ለሽንት ቧንቧ ሕመም ያጋልጣል። ከዚህ የሚሻለው በስድስት ኪሎ ወይም በፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ዘመድ ወይም ወዳጅ ቤት አስቀድሞ መያዝ ነው፤ የዕለቱ እንግዳ ብዙ ስለ ሆነ አንዲት ነፍሰ ጡር ብትጨመር ማንም አይከፋውም። ጠላውንና ጠጁን ግን ለሌሎቹ ትተውላቸው።

ከወጣች፥ ታቦቱን ተከትላ ከምትጋፋ ይልቅ ቀድማ ወደ ሜዳው ብትገባና ከዳር ብትቆም ይሻላል። አጥር ወይም ግንብ ከኋላዋ ሆኖ ሕዝቡ ከፊቷ የሚመጣበት ስፍራ መጥፎ ነው፤ ግፊት ሲመጣ መሸሻ የላትምና። ጠበሉን ለማግኘት ወደ ገንዳው መጋፋት አያስፈልጋትም፤ አብሯት ያለው ሰው በጠርሙስ ቀድቶ ቢያመጣላት በረከቱ ያው ነው። መውጫዋንም ከመግቢያዋ ጋር አብራ ታስብበት፤ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ሲነቃነቅ በሩ ይጠባልና፥ ታቦታቱ ከመነሣታቸው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ መውጣት፥ አለዚያም ሁሉ እስኪያልፍ መቀመጥ ነው። ሳታስበው ግፊያ ውስጥ ከገባች፥ ሁለት እጇን አጥፋ በደረቷና በሆዷ ፊት ትያዝ፥ የወደቀባትንም ዕቃ ለማንሣት አታጎንብስ፤ ግፊቱን ተቃውማ ወደ ኋላ ከመመለስ ይልቅ ግፊቱ ጋብ ባለ ቁጥር በሰያፍ ወደ ዳር ትጠጋ። ባሏ ወይም ወንድሟ ከጎኗ ሳይሆን ከኋላዋ ቢሆን ይረዳታል።

ከውጭ አገር ለገናና ለጥምቀት የሚመጡ እኅቶቻችን አንድ ነገር ይጨመርባቸዋል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የመጣች ነፍሰ ጡር ሰውነቷ ከፍታውን ገና አልለመደምና በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ትንፋሽ ያጥራታል፤ ከአውሮፕላን በወረደች ማግሥት ጃንሜዳ ባትሄድ ይሻላል።

በመጨረሻ፥ ስለ ወደቀች ወይም ሆዷን ስለ ተመታች ሴት። ምንም ባይሰማትም ወደ ሐኪም ቤት ትሂድ፤ ሐኪሞች እንዲህ ያለችውን ሴት፥ በተለይ እርግዝናዋ ከግማሽ ያለፈውን፥ ቢያንስ ለ4 ሰዓት ያህል የፅንሱን የልብ ምት እየተከታተሉ ያቆዩአታል። የደም ዓይነቷ አር ኤች ነጌቲቭ የሆነች ሴት ይህንኑ ትናገር፤ ሾተላይ የሚባለውን የሚከላከል መርፌ ያስፈልጋት ይሆናል። ደም ወይም የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፥ ሆዷ ጠንክሮ ካልላላ፥ ወይም የፅንሱ መንቀሳቀስ ከቀነሰ ግን ለአፍታም መቆየት አይገባም። በበዓሉ ቀን መንገዶች ለመኪና ስለሚዘጉ አምቡላንስ ሜዳው ውስጥ እስኪገባ ከመጠበቅ በቃሬዛም በወንበርም ተሸክሞ ክፍት ወደ ሆነው መንገድ ማውጣት ይቀድማል፤ ከጃንሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ለሚወጣ ሰው የየካቲት 12 ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። ለዚህም ሲባል የክትትል ካርዷን ከነጠላዋ ጋር አብራ ትያዝ።